ደብተሩ የት ደረሰ?

ላስታ የተቀበለችኝ በማስነጠስ ነው። ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም፣ ለገና አምስት ቀን ሲቀር፣ ላሊበላ ውስጥ ካደርኩበት ባለ ፎቅ ድንጋይ ቤት የውጩን ደረጃ ወርጄ ወደ ግቢ ስወጣ የቤቱ እመቤት ሙቀጫ ላይ ጎንበስ ብለው ይወቅጣሉ። «እንደምን አደሩ» ልል አፌን ስከፍት አንድ ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝና አስነጠስኩ። ደገምኩ። በሦስተኛው እንባዬ መጣ።

«ይማርህ! ራቅ በል ልጄ፤ እንዶዱ እንግዳ አያውቅም» አሉኝ። እሳቸው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለውታል።

የደረቀች የእንዶድ ፍሬ ከቁንዶ በርበሬ ብዙም አትበልጥም። ስትደቅቅ የምትነሳው ብናኝ ግን ቤት ሙሉ ሰው ታስነጥሳለች። ዱቄቱን ውሃ ሲነኩት ይኮረፍፋል፤ ያ አረፋ ነው ለገና የሚለበሰውን ነጠላ፣ ጋቢና ኩታ የሚያነጣው። ስንት ዓመት በቴሌቪዥን ያየሁት የላሊበላ ነጭ፣ ያ የቋጥኙን ጫፍ ሁሉ የሚሸፍነው ሕዝብ፣ ነጭነቱ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካ ከሙቀጫ ነው።

ከቤቱ ዝቅ ብላ ወደምታልፍ ቀጭን ጅረት ተከትያቸው ወረድኩ። ልጃቸው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጋቢውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይረግጣል፤ እናትየው ከጣሳ አረፋ ያፈሳሉ። ኦሞ ጠፍቶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ኦሞ መች ጠፋ። ኦሞ ጥለቱን ይበላዋል። እንዶድ ቆሻሻውን ነው የሚበላው፤ ሌላ አይነካም።»

እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አረፋው እየተንሳፈፈ ሲወርድ ሳይ ረፈደ። ቤተ ክርስቲያኖቹን ገና አላየሁም፤ አሥራ አንዱም ይጠብቁኛል። እኔ ግን ዓይኔ ከአረፋው በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል።

ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት እንዲሁ ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር፤ አድዋ ላይ። አክሊሉ ለማ ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰ፣ የቢልሃርዚያን ነገር የሚከታተል ሰው ነው። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው የሚደርሰው በውሃ ቀንድ አውጣ በኩል ስለሆነ ወንዝ ለወንዝ እየሄደ ቀንድ አውጣ ይቆጥራል። አድዋ ላይ ያየው ነገር ከቆጠራው ጋር አልገጥም አለው፤ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው ይንሳፈፋሉ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ሕያዎቹን ከአረፋው ጋር ሲያገናኛቸው ሞቱ።

ነገሩ ከዚህ ይጀምራል። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ዛሬ ኢንስቲትዩቱ በስሙ ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ እዚያው አድዋ ላይ ወንዞቹን በእንዶድ እየረጩ ለአምስት ዓመት ሞከሩት። በከተማው ከመቶ 63 የነበረው የቢልሃርዚያ ስርጭት ወደ 34 ወረደ፤ በትናንሾቹ ሕፃናት ላይማ ከ50 ወደ 7። የእርሻ ባለሙያው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ የእንዶድ ዘር ሰብስቦ እየተከለ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ኃይለኛውን ለየ፤ «44» የሚባለው ዓይነት ከዚያ የወጣ ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን፣ ብዙዎች አማራጩ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ከወንዙ ዳር እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ነው። ይህን ያህል የዘገየው ተክሉ ስለሰነፈ አልነበረም። ገንዘቡን የያዙት ድርጅቶች የመርዝነት ፍተሻው በሀብታም አገር ላብራቶሪ እንደ አዲስ ካልተሠራ አናምንም ስላሉ ነው። አክሊሉ በየመድረኩ የተናገረውም ይህንኑ ነበር፤ ትልቁ እንቅፋት አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ሳይንስ አለመታመኑ መሆኑን። በኋላ ደግሞ የአሜሪካው ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ በታላላቆቹ ሐይቆች የውሃ ቱቦ የሚደፍነውን «ዜብራ መስል» የሚባል ባለ ዛጎል ፍጥረት እንደሚገድል አይቶ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣበት። አስቡት፤ የእመቤቲቱ ሙቀጫ ባለ ፓተንት ሆነ። አክሊሉ በ1997 አረፈ።

ይህን ሁሉ ለእመቤቲቱ ልነግራቸው ሞከርኩ። ጋቢውን እየጨመቁ ሰሙኝና «ቀንድ አውጣ እንደሚገድልማ ማን ያጣዋል» አሉ።

* * *

ስለ ገና ሌሊት ብዙ ተጽፏልና አላበዛም። በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ግማሹ ከላይ ከቋጥኙ ጠርዝ፣ ግማሹ ከታች ከቅጥሩ ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲቀባበሉ ያየ ሰው መናገር ቢያቅተው አይፈረድበትም። እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ያየሁት ነው፤ ከሰሜንም ከደቡብም ሳምንት በእግር ተጉዘው የሚመጡ ምእመናንን የከተማው ሰው ደጅ ላይ አስቀምጦ እግራቸውን ያጥባል። አንድ ጎረምሳ የአንድ ሽማግሌ ተረከዝ ውስጥ የገባ አቧራ በጣቱ ሲያወጣ ቆሜ አየሁ። ሽማግሌው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

እዚያው ደጅ ላይ ነው ከመምህሩ ጋር የተዋወቅነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የሚያስተምርበትን ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። የሕብረተሰብ ጤና ሌክቸረር ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር የመነጽሩን ጆሮ የሚነካ። እኔ የእንዶዱን ወሬ ሳነሳ ፈገግ አለና ከቦርሳው ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ አሮጌ ደብተር አወጣ። ተማሪ ሳለ ለመስክ ልምምድ ከቢልባላ አካባቢ ወደ አንዲት ቀበሌ ተልኮ ነበር። ሳምንታት ቤት ለቤት እየዞረ ጠይቋል፤ ስንት ሰው አለ፣ ውሃ ከየት ይቀዳል፣ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። ሪፖርቱን አስረክቦ ውጤቱን ተቀበለ። ሲሰናበት «ተመልሼ እመጣለሁ» ብሏል። አሥር ዓመት ሊሆነው ነው።

«ሪፖርቱ ዲፓርትመንት ውስጥ ይኖራል፤ ደብተሩ ግን እኔ ጋ ቀረ። ልሂድ እላለሁ፣ አንድ ነገር ይመጣል። ዘንድሮ ገናን አሳብቤ መጣሁ። አብረኸኝ ትወጣለህ?»

ወጣሁ።

እስከ ቢልባላ በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ ከዚያ በእግር። የላስታ ዳገት መናገር ያስረሳል፤ ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ከላይ ያይሃል። ገብሱ ታጭዶ ምድሩ ገለባ መስሏል። መምህሩ ለማረፍ በተቀመጥን ቁጥር ስለ ሥራው ይነግረኛል፤ እኔም ከከተማ የመጣሁበትን ጉዳይ እየረሳሁ በሱ ወሬ ተያዝኩ።

የእነሱ ሙያ ታሪክ ከወባ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ ወባ ሰው ፈጀ፤ በዓመቱ በ1954 ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዚያን ጊዜ ሐሳብ ዛሬም ይገርመኛል። ለአገሩ የሚሆን ሐኪም እስኪገኝ ከመጠበቅ ጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ላይ አሠልጥነው፣ በመጨረሻው ዓመት ሦስቱንም እንደ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልኳቸዋል። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭ ያጎለብታል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ጅማም በ1983 የጤና ኢንስቲትዩት ሲከፈት ትምህርቱን ሕብረተሰቡ መሃል አድርጎ ነው የጀመረው። ቡታጅራ ላይ ደግሞ ከ1986 ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ዘጠኝ የገበሬ ማኅበርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ እያንዳንዱን ልደትና ሞት መመዝገብ ያዘ። ጎንደርም በ1996 ዳባት ላይ እንዲሁ። ከእነዚህ መዝገቦች ስንት ዶክትሬት እንደወጣ መምህሩ በጣቱ ሊቆጥርልኝ ጀምሮ ተወው።

«አያልቅም። የእኛ አገር የጤና ምሁር ግማሹ የቡታጅራ ልጅ ነው በለው።»

«አንተስ? ወረቀት አወጣህ?»

ይሄ ጥያቄ የልቡን ነካው። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚያሻግረው መሰላል እርከኑ የታተመ ጽሑፍ ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎትም ይቆጠራል ይባላል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን ጎን ለጎን አቁሟቸዋል። ግን ለደረጃ እድገት ፎርም ሲሞላ ሁለቱ እግሮች ረጃጅም፣ ሦስተኛው አጭር የሆነ በርጩማ ላይ እንደመቀመጥ ነው አለኝ። ገንዘብ ከፍለህ በሳምንት የሚያትምልህ መጽሔት አለ፤ ያ ነጥብ ያስገኛል።

«ይሄ ዳገትስ ስንት ነጥብ ነው?» አልኩት።

«ትንፋሽህን ቁጠር» አለኝ።

ከፊታችን ካለው ገደል ላይ ሽኮኮዎች ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ድምፃችንን ሲሰሙ ወደ ስንጥቁ ገቡ። እሱ ቆም ብሎ አሳየኝ። ወሎዬው ቁንጭር የሚለው፣ ፊት ላይ የሚወጣው የማይድን የሚመስል ቁስል መነሻው እነዚህ ናቸው። ከሽኮኮው ወደ ሰው የሚያሻግረው ገደል ውስጥ የምትኖር ትንሽዬ የአሸዋ ዝንብ ናት። ይህም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ደሴ አጠገብ ኩታበር ላይ በተደረገ ጥናት የታወቀ ነው። ቁንጭር የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ጠበል ነው። ብዙው ቁስል በወራት ወይም በዓመታት ጊዜ ራሱ ይድናል፤ ጠባሳው ይቀራል። ሐኪሙ «ራሱ ነው የዳነው» ይላል፣ ባለ ጠባሳው «ጠበሉ ነው»። መምህሩ ከማንም ጋር አይከራከርም፤ «ጠበሉ ጋ ሄዶ ከሰው ጋር ተቀምጦ መጠየቅ ነው የሚሻለው» ይላል።

ቀኑ ሲያዘነብል ይምርሃነ ክርስቶስ ደረስን። ጽዱ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ዋሻው አፉን ከፍቶ፣ ውስጡ ያ ቤተ ክርስቲያን፤ አንድ ረድፍ ነጭ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት እየተደራረበ የተሠራ፣ ከላሊበላዎቹ የሚቀድም። ከጀርባው ለመሞት የመጡ ምእመናን አፅም ተደርድሮ ተኝቷል። ከዚህ በላይ ስለ ውበቱ ብናገር ራሴን አስቃለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው በባሕር ላይ ነው ይላሉ ካህናቱ። አንዱ አባት ወለሉ ላይ ያለች መክደኛ አነሱና እጄን ይዘው ወደ ታች አስገቡት። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ አፈር ነካሁ። ውሃ ይሁን ጭቃ አልለየሁም፤ እጄን ሳወጣ ግን ጥቁር ነበር። በሱሪዬ ልጠርገው ስል አባ ያዙኝ። «ተወው፤ ራሱ ይደርቃል።»

* * *

ቀበሌዋ የደረስነው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። ጤና ኬላው ሁለት ክፍል፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ ሰማያዊ ቀለም። በ1995 ዓ.ም በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበዋል፤ ከሁለቱ አንዷን አገኘን። ጥግ ላይ አንድ ረጅም እንጨት ቆሟል፤ በቀለም እየተከፋፈለ መስመር ተሰምሮበታል። ዱላ መስሎኝ ነበር። ለዓይን ማዝ፣ ማለት ለትራኮማ፣ ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት ሲታደል ሰውየውን በእንጨቱ አጠገብ አቁመው ነው የሚሰጠውን ኪኒን የሚያውቁት፤ ሚዛን የለ፣ ዕድሜ የማይታወቅ፣ ቁመት ግን አይዋሽም። ሕፃናቱ ሽሮፕ ይጠጣሉ። እንጨቱን ቀረብ ብዬ ለካሁት፤ አራት ኪኒን ነኝ።

ትራኮማ በዚህ አገር የቤት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት ከመቶ 62 በላይ የሚሆኑት ዓይናቸው ላይ ማዝ ተገኝቷል። በልጅነት ሲመላለስ የዓይን ቆቡን ይሸበሽበዋል፤ በጉልምስና ዕድሜ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን ይፈገፍጋል። ሴቶቹን ይበልጥ የሚያጠቃቸው ልጅ የሚያቅፉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

ይህን ወሬ በእንጨቱ ዙሪያ እያወራን ሳለ አንዲት እናት በር ላይ ቆሙ። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር በዚያው ክር የታሰረች ትንሽ ወረንጦ ትወዛወዛለች። ዓይናቸው ቀላ ብሎ ያነባል። መምህሩን አተኩረው አዩት።

«አንተ ልጅ! ያ ደብተርህ የት ደረሰ?»

መምህሩ ተነሳ፤ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አቀኑት። ደብተሩን ከቦርሳው አውጥቶ አሳያቸው። ገለጠው። የእሳቸውን ቤት ገጽ አገኘ።

«ይኸው እማማ፣ እዚህ ነዎት።»

«ስንት ልጅ ወለዱ አልከኝ። ስምንት አልኩህ። ስንቱ በሕይወት አለ አልከኝ። አምስት አልኩህ። ጻፍክና ሄድክ።»

«አዎ፣ ተጽፏል።»

«የሦስቱን ስም ግን አልጠየቅኸኝም።»

ጤና ኬላው ውስጥ ለአፍታ ያለነው ሁሉ ዝም አልን። መምህሩ የመነጽሩን ጆሮ ነካ። ፎርሙ ላይ «የሞቱ» የሚል አምድ አለ፤ ቁጥር የሚያስገባ ጠባብ ሳጥን። የስም ቦታ የለውም። እስክሪብቶ ከኔ ተበድሮ በገጹ ዳር፣ ከአምዱ ውጭ፣ እሳቸው እየነገሩት ሦስት ስም ጻፈ። ሁለቱ የሴት ነበሩ። የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አስደገሙት፤ በመጀመሪያው በ«ሠ» መሆን የሚገባውን በ«ሰ» ጽፎት ነበርና ባላቸው መሪጌታ ስለነበሩ ፊደል ያውቃሉ።

ከዚያ የመጡበትን ነገሩን። ወረንጦዋ አልበቃ ብላቸዋለች፤ ነቅለውት የሚበቅለው ፀጉር ከፊተኛው ይበልጥ ይዋጋል። ጤና ጣቢያ ሄደው የዓይን ቆባቸውን እንዲያስቀለብሱ ያቺው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስንት ጊዜ ለምናቸዋለች። «በጥር እሄዳለሁ» አሉ። ባለፈው ዓመትም በጥር ብለው ነበር አለች የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ እሳቸው እየሰሙ።

ስንመለስ መምህሩ ስለ ሞቱ ሕፃናት ሲያስብ ይመስለኛል አንድ ያላወቅሁትን ነገር ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ላይ ካርተር ሴንተርና የሳን ፍራንሲስኮ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚትሮማክስን በየስንት ጊዜው ማደል እንደሚሻል ሊያጠኑ ገቡ። ጥያቄያቸው የዓይን ነበር። ሲቆጥሩ ግን መድኃኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች የሕፃናት የመሞት ዕድል ካልታደለባቸው ግማሽ ያህል ሆኖ አገኙት። ያ ግኝት በ2009 ታተመና ከዚያ ተነስቶ ኒጀር፣ ማላዊና ታንዛኒያ ላይ ሰፊ ሙከራ ተደረገ። ለዓይን የሄደ መድኃኒት የሞት መዝገብ ስለተያዘ ብቻ ሌላ ነገሩ ታወቀ።

«ያ 'የሞቱ' የሚለው ሳጥን እንግዲህ ዋጋ አለው» አልኩት።

«አለው። ግን ጠባብ ነው» አለኝ።

* * *

በዚያ ቀን ማታ ከላሊበላ በላይ ካለ ቤት ደጅ ላይ ተቀምጠን ጠላ ስንጠጣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋግ የሚሄደውን ሰንሰለት አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ ጋዝጊብላ፣ ሰቆጣ ዙሪያና ደሃና ላይ አንድ ትልቅ ጥናት እየተካሄደ ነበር። ስሙን «ውሃ» ነው ያሉት፤ የእንግሊዝኛ ርዕሱን ፊደላት አገጣጥመው የአማርኛውን ቃል አወጡበት። እ.ኤ.አ. በ2015 አርባ የገጠር መንደሮች ተመርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የውሃ ቦታ ይሠራላቸዋል፣ ደጃቸው ላይ መታጠቢያ፣ ሳሙና፣ ቤት ለቤት የሚዞር አስተማሪ። ግማሾቹ እንዳሉ ይቆያሉ። በየዓመቱ ተመራማሪዎቹ የሕፃናቱን የዓይን ቆብ ገልብጠው በጥጥ ጠረግ አድርገው ይወስዳሉ። ፊት መታጠብ ማዝን ይቀንሳል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ ሁሉም አዎ የሚለው ግን በደንብ ብዙም ያልተፈተነው፣ ሊፈተን ነው።

መምህሩ በዚያ ጥናት ውስጥ የለበትም። ግን ሲናገር እንደ ባለቤት ነበር። «ሦስት ዓመት ጠብቀው 'አዎ' ካሉ ደስ ይለኛል። 'አይ' ካሉ ግን ያኔ ነው ሰው የሚባሉት።»

ከዚያ ብዙ ነገር ሆነ። የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2013 ዓ.ም ክረምት ላሊበላ ተያዘች፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ለወራት ከእመቤቲቱም ከመምህሩም ወሬ አጣሁ። የ«ውሃ» ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ወጣ። የጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ያለው ስም ሰሎሞን አራጌ ነው፤ ኢትዮጵያዊ። አክሊሉ ለማን 25 ዓመት ያስጠበቀው ዓለም በዚህ በኩል ትንሽ ተራምዷል ብዬ ስሙን ደግሜ አነበብኩት። መልሱ «አይ» ነበር። ውሃው የገባላቸው መንደሮችና ያልገባላቸው መንደሮች ሕፃናት ዓይን ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ በበሽታው ተሕዋስ ረገድ ልዩነት አልታየም። ማዝ ይህን ያህል በበዛበት አገር ለሦስት ዓመት ውሃና ሳሙና ማቅረብ ለብቻው አይበቃም ማለት ነው፤ ይህን በግልጽ መጻፍ ደግሞ ለጋሽ ፊት ቀላል አይደለም።

ስልክ ሲከፈት መምህሩ ደወለልኝ። ረዳት ፕሮፌሰር ሆኗል። መንገዱ ሲከፈት ወደ ቀበሌዋ ወጥቶ ነበር። እማማ አሉ፤ ዓይናቸውን ተሠርተዋል፣ በጥር ሳይሆን በግንቦት፣ ወረንጦዋን ግን ከአንገታቸው አላወጧትም። ቤታቸው አጠገብ ምንጭ ጎልብቶላቸዋል፤ ቧንቧው ድንጋይ ላይ ያፈሳል። መምህሩ እዚያው ምንጩ አጠገብ ተቀምጦ በዋግ የተደረገውን ጥናት ሰው በሚገባው ቋንቋ ለጎረቤቱ ሁሉ አስረዳ። አርባ መንደር፣ ዕጣ፣ ጥጥ፣ ሦስት ዓመት፣ ልዩነት የለም።

እማማ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ታዲያ ምንጩን ሊያነሱብን ነው?»

«ኧረ የለም እማማ! ማን ያነሳዋል?»

«እንግዲያስ እሱን ጻፍ» አሉት። ደብተሩን አውጥቶ እስኪጽፍ ድረስም ከፊቱ አልተነሱም።